የዶን ሲሪሎ እጅ ለማን ወጣ

ኤበር ሲልቬራን ያወቅኩት በዩኒቨርሲቲው ፋኩልቲ ምድር ቤት ነው። እኔ ማይክራፎን ተካይና ገመድ ጎታች ነበርኩ፤ እሱ መሐንዲስ። ሥራው ምን እንደሆነ ሰው ሲጠይቀው «ማሽን ከበሮ እንዲሰማ አስተምራለሁ» ይል ነበር። የሰፈራችን የፓሌርሞ ሰዎች ይህን ሲሰሙ ይስቃሉ። «አንተስ መቼ ልትማር ነው?» ይሉታል። አብሯቸው ይስቃል፤ ሳቁ ግን ከጥርሱ አያልፍም።

አባቱ፣ ጥናቱ ሳይጀመር የሞቱት፣ ዶን ሲሪሎ ሲልቬራ ነበሩ። ከሦስቱ ከበሮዎቻችን ትንሹ አንድ ነገር ሳያሰልስ ይደጋግማል፣ ትልቁ ከሥር ሆኖ ይሸከማል፣ መካከለኛው ሬፒኬ ደግሞ እንዳሻው እየገባና እየወጣ ይናገራል። ዶን ሲሪሎ በሬፒኬ ሲናገሩ ሰው መስኮት ከፍቶ ይሰማ ነበር። የሚተዳደሩት ወደብ ላይ ጭነት በማውረድ ነው፤ የሚታወቁት ግን በዚያ ከበሮ ነው። ኤበር አንድ ልጃቸው ነው። ከበሮም ይመታል፣ በደንብ ይመታል። እሑድ እሑድ የሰፈሩ የከበሮ መቺዎች ጓድ መንገድ ሲወጣ የማይሳሳት፣ የማይደክም፣ ሁሉም የሚተማመንበት መቺ ነው። ይህን አስቀድሜ የምናገረው በኋላ የሆነውን ሰምቶ «ለነገሩ አይችልበትም ነበር» የሚል ሰው እንዳይኖር ነው።

ሮሴንዶ ደግሞ የጎረቤታቸው የዶኛ ኤልቢራ ልጅ ነው። አባቱ መርከበኛ ነበር አሉ፤ አንድ ቀን ተሳፍሮ ሄደ፣ በቃ። ሮሴንዶ ከትምህርት ቤት ሲመለስ የገዛ ቤቱን አልፎ የእነ ኤበር ግቢ ነበር የሚገባው። ኤበር በዚያን ሰዓት ክፍሉን ዘግቶ ያጠናል። ሮሴንዶ አድጎ የአውቶቡስ ጋራዥ መካኒክ ሆነ፤ ወፍራም፣ ቀልደኛ፣ ማንንም በስሙ የማይጠራ ሰው። እኔን «ሽቦ» ይለኛል። ኤበርን «ዶክተሩ» ይለዋል፣ ዶክተር አለመሆኑን እያወቀ። ሁለቱ አብረው አድገው፣ ሚዜ ተባብለው፣ እሑድ እሑድ ትከሻ ለትከሻ ገጥመው የሚመቱ ጓደኛሞች ነበሩ።

የኤበር ጥናት ሐሳብ ቀላል ነው። ሁለት ሰው አንዱን ምት ሲመታ ፈጽሞ አንድ ዓይነት አይመታም። አንደኛው የመጨረሻዋን ምት በፀጉር ስፋት ያስቀድማል፣ ሌላው ያዘገያል፤ ጆሮ «ይሄ የእገሌ እጅ ነው» የሚለው በዚያች ፀጉር ነው። ኤበር የሠራው ፕሮግራም ያችን ፀጉር ይለካል። የየሰፈሩን ሬፒኬ መቺዎች አንድ በአንድ ወደ ምድር ቤቱ እየጠራን ቀዳናቸው። ኤበር ራሱም ከበሮውን አንግቶ ተቀዳ።

ሮሴንዶ ተራው ደርሶ ሲመጣ የፍል ውኃ ቴርሞሱን በብብቱ፣ የማቴ ሻዩን ኩባያ በእጁ ይዞ ነው የገባው። ማይክራፎኖቹን ዞሮ አያቸው።

«ዶክተሩ፣ ማሽንህ ቢሳሳት ማን ነው የሚቀጣው?»

«አንተ ነሃ። ደግመህ ትመታለህ።»

«እኔ ለፕሬዚዳንቱም ሁለቴ አልመታ። ሽቦ፣ ያዝልኝ እስቲ ይቺን» ብሎ ቴርሞሱን አስታቀፈኝና አንዴ መታ። እውነትም መድገም አላስፈለገም።

ከወራት በኋላ ማሽኑ ስም ያልተጻፈበት አዲስ ቅጂ ስንሰጠው የማን እንደሆነ ይነግረን ጀመር። ብዙም አይስትም። የክፍሉ ኃላፊ ማቤል ደስ ብሏት ሁላችንንም ኤምፓናዳ፣ ያቺን በሥጋ የተሞላች ሳምቡሳ፣ ጋበዘችን። ማቤል ቀጥተኛ ሴት ናት፤ የመሰላትን ፊት ለፊት ትናገራለች፣ ሲያስቀይም ግን አታውቀውም።

የአባቱን ካሴት ያመጣው ራሱ ኤበር ነው። ማንም አልጠየቀውም። አንድ አጎቱ በልደት ቀን ግቢ ውስጥ የቀዱት ነው፤ ውሻ ይጮኻል፣ አንዲት ሴት ትስቃለች፣ ከሁሉም በላይ ግን የዶን ሲሪሎ ሬፒኬ አለ። ካሴቱን በሁለት እጁ አድርጎ ነው የሰጠኝ። የምችለውን ያህል ድምፁን አጸዳሁት። ከዚያ ማቤልንም እኔንም ጠርቶ ማሽኑ ፊት አስቀመጠን።

«አባቴ ከቀዳናቸው ሰዎች ውስጥ የለም» አለ። «ግን ማሽኑ ለማን እጅ ቅርብ ነው እንደሚል እንይ።»

«ለእኔ» አላለም። ወንበሩን ግን ከሁላችን አስቀድሞ ወደ ስክሪኑ አስጠግቶ ነበር፣ አዲስ ሸሚዝም ለብሷል።

ስሞቹ በቅርበታቸው ተሰልፈው ወጡ። ከላይ ሮሴንዶ። ከሮሴንዶ ቀጥሎ ያለው ሰው ከእሱ እጅግ ይርቃል።

ማቤል ጉልበቷን መታ አደረገች። «ይሄ እኮ ትምህርት ከሰው ወደ ሰው ሲያልፍ በዓይን ማየት ነው። ከዚህ የተሻለ ማስረጃ ከየት ይመጣል? አንተስ የታለህ?»

ኤበር ከመሐል ዝቅ ብሎ ነበር። ከእሱ በላይ አንድ የኮርዶን ሰፈር ጥርስ ሐኪም አለ፤ ዶን ሲሪሎን በዓይኑ አይቶ የማያውቅ፣ ከበሮ ከጀመረ ገና ጥቂት ዓመት የሆነው ሰው።

«ካሴቱ ነው» አለ ኤበር። «ፍጥነቱ ልክ አይደለም።»

እውነትም ካሴቱ ትንሽ ይፈጥን ነበር። አስተካከልነው። ሮሴንዶ ይበልጥ ቀረበ። ጥርስ ሐኪሙም ቀረበ።

ከዚያ በኋላ ኤበር ሌላ ሥራውን ሁሉ ትቶ የራሱን ፕሮግራም ስህተት ማደን ያዘ። መስመር በመስመር ፈተሸው። የውሻው ጩኸት ነው አለ፤ ጩኸቱን ቆርጠን አወጣን። ግቢው ያስተጋባል አለ፤ እሱንም አስታገስነው። ስሞቹ ንቅንቅ አላሉም። አንድ ቅዳሜ ጠዋት ደግሞ ማይክራፎን እንድተክልለት ጠራኝ። የአባቱን ቅጂ በጆሮው ሰክቶ፣ ዓይኑን ጨፍኖ፣ እየተከተለ እየተከተለ መታ። ላቡ በአገጩ ይንጠባጠባል። ለእኔ ጆሮ ልክ እንደ አባቱ ነበር። ማሽኑ ግን ሳያቅማማ «ኤበር ሲልቬራ» አለ።

«አንተ አንተ ነህ ይለኛል» አለኝ።

«ታዲያ ምን ክፋት አለው?» አልኩት።

ደንቆሮ ያናገረ ሰው አስተያየት አየኝና ከበሮውን ወደ ቦርሳው መለሰ።

የከፋው ግን እሱ አልነበረም። የከፋው እሑድ ነው። ቆዳው እንዲወጠር ከበሮዎቹን መንገድ ዳር እሳት አጠገብ ደርድረን ስንጠብቅ ራቅ ብሎ መቆም ጀመረ። አንዴ ሲቸግረው ነገረኝ። «ድሮ ሮሴንዶ ሲመታ የሚሰማኝ ሮሴንዶ ነበር» አለ። «ያችን የምትዘገየዋን ምት ከለካኋት ወዲህ አባቴ ነው የሚሰማኝ። ከጎኔ፣ በሰው እጅ። እሱ ደግሞ አያውቀውም፤ እየሳቀ፣ ከሴቶች ጋር እየቀለደ ነው የሚመታው።» በሰልፉ ውስጥ ቦታውን ለውጦ ወደ ኋላ ሄደ። ከዚያ አንዳንድ እሑድ መቅረት ጀመረ። የሮሴንዶ ነገር በሙሉ ይከነክነው ጀመር፤ ሳቁ፣ ሆዱ፣ የኤበር እናት ዶኛ ኒቢያ ቤት ሲገባ አዛውንቷን ሳም አድርጎ ፍሪጁን ሳይጠይቅ የሚከፍተው ነገር። ሠላሳ ዓመት የኖረበት ነው እንግዲህ ያ ሁሉ።

አንድ ዝናባማ ቀን እናቱ ዘንድ ሄደ። ዶኛ ኒቢያ፣ ዝናብ ሲሆን ሁሉም ቤት እንደሚደረገው፣ ቶርታ ፍሪታ የሚሉትን የዘይት ቂጣ እየጠበሱ ነበር። ይህን የነገረኝ ራሱ ነው።

«እማዬ፣ አባባ እኔ ሳጠና ሮሴንዶን ያስተምረው ነበር?»

«ማን ነገረህ?»

«ማሽኑ።»

«ይሄንን ለማወቅ ነው እንዴ ያን ሁሉ ዓመት የለፋህ? እኔን ብትጠይቀኝ በአንድ ቃል እነግርህ ነበር።»

«እኔን ለምን አላስተማረኝም?»

«ጠይቀኸው ታውቃለህ?»

«ልጁ ነኝ እኮ።»

«እሱማ ነህ» አሉ ሊጡን እያገላበጡ። «ለዚህ እኮ ነው። ከበሮው ይዞህ እንዳይቀር ፈራ። በርህን ዘግተህ ስታጠና ድምፅ እንዳይረብሽህ ብሎ ያንን ልጅ ጓሮ ይወስደዋል፤ ቆዳው ላይ ፎጣ ጣል አድርገው በቀስታ ነው የሚመቱት። አንዴ እኔ ሳህን ጥዬ ብሰብር እንኳ በምልክት 'ዝም በይ፣ ያጠናል' ብሎኛል። ብላ እንጂ፣ ይቀዘቅዛል።»

እናቱ ይህን ያሉት ሊያጽናኑት ነበር። እሱ ግን የያዘው ፎጣውን ብቻ ነው። «በፎጣ» ይለኛል ምድር ቤቱ ውስጥ። «አስበው እስቲ፣ በፎጣ። እኔ ከግድግዳው ወዲህ ቀመር እሸመድዳለሁ፣ እነሱ ከወዲያ...»

በዚያው ሰሞን ብራዚል፣ ፖርቶ አሌግሬ ላይ ሙዚቃን በኮምፒውተር የሚያጠኑ ሰዎች ጉባኤ ነበር። ጥናታችን ተቀባይነት አገኘ፤ ለማሳያ አንድ መቺ ይዘን እንድንሄድም የመጓጓዣ ገንዘብ ተገኘ። ማቤል «ሮሴንዶን ጠይቀው» አለችው። ከጥቂት ቀን በኋላ ኤበር መልሱን ይዞ መጣ፤ «ጋራዡ ፈቃድ አልሰጠውም፣ ያሳዝናል፣ እኔው እመታለሁ» አለ።

እሱው መታ። እኔ፣ እሱና ማቤል ነን የሄድነው። አዳራሹ አጨበጨበ፤ ጥሩ ነበር፣ እውነቱን ለመናገር ከዚያ በተሻለ ሲመታ ሰምቼው አላውቅም። ከዚያ አንድ ሽበታም ብራዚላዊ እጁን አወጣ።

«በሕይወት የሌሉ መቺዎች ቅጂ ላይ ሞክራችሁታል?»

«ለንጽጽር የሚበቃ ንጹሕ ቅጂ አላገኘንም» አለ ኤበር።

ማቤል አጠገቤ ተቀምጣ ነበር። እስክሪብቶዋን አስቀምጣ ቀና ብላ አየችው። ምሳ ላይ ሩዝና ባቄላችን ፊታችን ቀርቦ ሳለ ጠየቀችው።

«ካሴቱን ከጥናቱ ለምን አወጣኸው?»

«ጥራቱ...»

«ጥራቱን ሦስታችን ቁጭ ብለን አይተናል።»

«የቤተሰቤ ካሴት ነው፣ ማቤል። የራሴ ነው።»

«የራስህ ነው፤ ብትፈልግ አቃጥለው። ግን አላገኘንም አልክ። ጽሑፉ ላይ የእኔም ስም አለበት።»

ኤበር ሩዙን መብላት ቀጠለ። ማቤልም ከዚያ በላይ አልገፋችበትም፤ የቀረውን መንገድ ስለ አየሩ ነው ያወራነው።

ከተመለስን በኋላ ማቤል አንድ እሑድ ከበሮ ለመስማት ወደ ሰፈር ወረደች። ኤበር አልመጣም ነበር። ሮሴንዶ እሳቱ ዳር የከበሮውን ቆዳ በጣቱ እየነካካ ስታገኘው ትከሻውን መታ መታ አደረገችው።

«ፈቃድ ስለከለከሉህ በጣም አዝኛለሁ» አለችው።

«የቱን ፈቃድ?» አለ ሮሴንዶ።

ማቤል ወደ እኔ ዞረች። እኔ እሳቱን ማየት መረጥኩ።

በማግስቱ ሮሴንዶ የጋራዥ ቱታውን እንደለበሰ ምድር ቤቱ ድረስ መጣ። ኤበር ማሽኑ ፊት ተቀምጧል። እኔ ገመድ እየጠቀለልኩ ነበር፤ ልወጣ ስል «ሽቦ፣ ቁጭ በል፣ ምስክር ያስፈልጋል» አለኝ። ድምፁ ውስጥ ግን ቀልድ አልነበረም።

«ፈቃድ ከልክለውኛል አሉ» አለ። «ለእኔ ነው እንጂ ያልነገሩኝ።»

«ልነግርህ ነበር።»

«አትዋሽ ኤበር። ምን አደረግኩህ?»

በስሙ ሲጠራው ስሰማ ያኔ የመጀመሪያዬ ነው። ኤበር ስክሪኑን ወደሱ አዞረና ካሴቱን ከፈተ። ሮሴንዶ ቆሞ ሰማ። ቆቡን አወለቀ።

«ሽማግሌው ናቸው» አለ በቀስታ። «የምትጮኸዋ ውሻቸው ቺኪታ ናት። እናቴ ናት የምትስቀው።» እናቱ ዶኛ ኤልቢራ በዚያን ጊዜ በሕይወት የሉም። እስኪያልቅ ሰማው። ከዚያ ስክሪኑ ላይ ስሙን አየ፤ ከላይ፣ ከሁሉም በላይ።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«እጃቸው ለአንተ ነው የወጣው ማለት ነው።»

«የደበቅኸኝ ይሄን ነው?»

«አዎ።»

ሮሴንዶ ወንበር ስቦ ተቀመጠ። ቆቡን በጣቶቹ ያዞር ጀመር።

«ስማቸው ያንተ ነው። ቤታቸው ያንተ ነው። ሲሞቱ አልጋቸው አጠገብ የነበርከው አንተ ነህ፤ እኔ ኮሪደር ላይ ነበርኩ፣ ቤተሰብ ብቻ ነው የሚገባው ብለውኝ። ይቺ አንዷ ብትደርሰኝ ቀናህብኝ?»

«ቀናሁብህ።»

«ደስ የሚል ትምህርት መሰለህ? ከሰዓት እስከ ማታ 'አይደለም' ነበር የሚሉኝ። አይደለም፣ እንደገና። አይደለም፣ እንደገና። አንተ በሩን ከፍተህ ስትወጣ ነው ፊታቸው የሚፈታው። 'ጨረስክ ልጄ?' ይሉሃል። እኔን ጨረስክ ብለውኝ አያውቁም።»

ኤበር ይቅርታ አለው። ሮሴንዶ ሰምቶት ተነሣና ቆቡን አጠለቀ።

«ፖርቶ አሌግሬ ጥሩ ከተማ ናት?» አለ በሩ ላይ።

«ጥሩ ናት።»

«ባያት ደስ ይለኝ ነበር» ብሎ ወጣ።

ሲሄድ ኤበር እስኪመሽ ሥራ አልሠራም። አንድ ነገር ብቻ ነው ያለኝ። «አባባ እኔን ሬፒኬ ላይ 'አይደለም' ብሎኝ አያውቅም። 'ጎበዝ' ብሎኝ ወደ ሌላ ያይ ነበር።» ይቅርታ የጠየቀው ሰው፣ በዚያው ሰዓት፣ በዚያ «አይደለም» ራሱ ይቀና ነበር። አዘንኩለት፤ ተናደድኩበትም።

ያን ክረምት በሙሉ ሁለቱ አልተነጋገሩም። ጓዱ ውስጥ ሮሴንዶ ከፊት ይሰለፋል፣ ኤበር ከኋላ፤ ሰላምታ ቢኖር በአገጭ ነው። ዶኛ ኒቢያ ሁለቱንም በየተራ እየጠሩ ሰድበዋቸዋል፤ አልሠራም። በመሐሉ ማቤል ጥናቱን ለመጽሔት አስፍተን እንድንጽፍ ስትጠይቅ ኤበር ካሴቱን መልሶ አስገባ። ስለ አባቱ የምትናገረውን አንቀጽ እኔ ልጻፋት ብላ ነበር፣ እምቢ አላት። ራሱ ጻፋት፤ የአባቱ እጅ ይበልጥ የሚቀርበው ለሮሴንዶ መሆኑን፣ ከልጃቸው እጅ ግን የሚርቅ መሆኑን፣ ምንም ሳይሸፋፍን። ጥርስ ሐኪሙንም አልዘለለም። የጸዳውን ቅጂ ደግሞ በፍላሽ አድርጎ ለሮሴንዶ እንዳደርስለት ሰጠኝ። ሮሴንዶ ተቀበለኝ፣ የቱታው ኪስ ውስጥ ከተተው፣ ስለ ላኪው ምንም አልጠየቀኝም። በኋላ ሚስቱ እንደነገረችኝ ግን ጋራዥ ሲሄድ መኪናው ውስጥ የሚሰማው እሱን ብቻ ነበር፤ ለከበሮው ይሁን ለእናቱ ሳቅ እኔ አላውቅም።

ጸደይ ሲገባ የኤበር ልጅ ያኒና ሬፒኬ መማር እፈልጋለሁ አለች። አሥራ አምስት ዓመቷ ነው፤ አፏ እንደ አያቷ እንደ ኒቢያ ነው።

«እኔ አስተምርሻለሁ» አላት ኤበር።

«አንተ ትቆጥራለህ እንጂ አታስተምርም። ሮሴንዶ ጋ ነው የምሄደው። ጠይቄዋለሁ፣ እሺ ብሏል።»

«መቼ ጠየቅሽው?»

«'አባትሽን ሳታስፈቅጂ አትምጪ' አለኝ። ይኸው እያስፈቀድኩ ነው።»

ሚስቱ እንዳለችው ኤበር ያን ምሳ አንድ ጉርሻ ለረጅም ጊዜ አኘከ። ከዚያ «ሂጂ» አላት።

አሁን ቅዳሜ ቅዳሜ ራሱ ነው የሚያደርሳት። አንዳንዴ የሮሴንዶ ግቢ በር ላይ ቆሞ አየዋለሁ። ሮሴንዶ ከውስጥ ያያዋል። አንድ ቀን እኔም በነበርኩበት፣ ትምህርቱን ሳያቋርጥ፣ «ወይ ግባ ወይ ሂድ፣ በሬን አታስከፍተኝ» አለው። ገባ። የሮሴንዶ ሚስት ማቴ ሰጠችው፤ ጠጥቶ መለሰላት፣ እንደገና ሞልታ ሰጠችው። ያኒና ስትሳሳት ሮሴንዶ «አይደለም» ይላል። ኤበር መሬት መሬት ያያል። ስንወጣ ምን ተሰማህ አልኩት።

«ቀንቻለሁ» አለኝ። «ምን ልበልህ።»

ሁልጊዜ ግን አይገባም። ሲችል ይገባል፣ ግድግዳውን ተደግፎ ይሰማል፣ ከሮሴንዶ ጋርም ስለ እግር ኳስ አንድ ሁለት ቃል ይለዋወጣሉ። ያልቻለ ቀን ልጁን በር ላይ ያወርድና ወደ ባሕሩ ዳርቻ ወርዶ፣ ትምህርቱ እስኪያልቅ፣ ነፋሱ ውስጥ ወዲያና ወዲህ ይራመዳል።